የተደበቀ ፊደል ለማን ይጻፋል?

ደቡብ ወሎ የሚገኘውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም በጉግል ስንፈልግ አንዳችን «ሐይቅ»፣ ሌላችን «ሀይቅ» ወይም «ሃይቅ» ብለን እንጽፋለን። ታዲያ አንዳንድ ድረ ገጽ አዘጋጅ ሁላችንንም ለመሳብ ሲል በሲኤስኤስ፣ ማለትም የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ፣ ቃላቱን ነጭ በነጭ ላይ ይጽፋቸዋል፤ ወይም መጠናቸውን ዜሮ ያደርጋል። አንባቢው አያያቸውም፣ መፈለጊያው ግን ያነባቸዋል። ስለ አምባሰል ቅኝት አንድ መስመር ያልጻፈ ገጽ ቃሉን ደጋግሞ ከደበቀማ ሰውን ባዶ ቤት ጠራ ማለት ነው። ጉግል ይህን ይከለክላል፤ ገጹን ዝቅ ሊያደርግ ወይም ጭራሽ ሊያስወጣው ይችላል።

መደበቅ ሁሉ ግን ማታለል አይደለም። ሲጫኑት የሚዘረጋ ማውጫም ሆነ በድምፅ ማንበቢያ ለሚጠቀሙ ዓይነ ስውራን የሚቀመጥ ጽሑፍ ተገቢ ነው። ለእኔ መለኪያው አንድ ነው፦ ለማሽኑ የነገርነውን ለሰውም ነግረነዋል ወይ? «ሐይቅ፣ ሀይቅ ወይም ሃይቅ ተብሎም ይጻፋል» ብሎ በግልጽ ማስፈር እኮ አይከብድም። ዜናው ውስጥ የሌለውን በርዕስ አንሸጥም አይደል? ይህም ያው ነው።