ለሠራተኛ ሰው የሰውነት ማጠንከሪያ ሰዓቱ የትኛው ነው?

በመሥሪያ ቤት የሚውል ደመወዝተኛ ስፖርት ለጤና እንደሚበጅ አላጣውም፤ ያጣው ጊዜውን ነው። ማለዳ የታክሲ ሰልፍ፣ ቀትር ላይ አጭር የምሳ ዕረፍት፣ ማታ ደግሞ የመንገድ መጨናነቅና የቤተ ሰብ ጉዳይ ስለሚጠብቁት፣ ከሃያ አራቱ ሰዓቶች መካከል ለገዛ ሥጋው የሚመድባት አንዲት ሰዓት እንኳ ብርቱ ፍለጋ ታሻዋለች። «ስፖርት መሥራት የሚሻለው በስንት ሰዓት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ ችግር የመነጨ ስለ ሆነ፣ መልሱም የሥጋን ጠባይ ብቻ ሳይሆን የሥራንም ጠባይ የሚመረምር ሊሆን ይገባዋል።

አስቀድመን የሥጋን ጠባይ እንመልከት። የሰው አካል መዓልትንና ሌሊትን ለይቶ የሚያውቅ ውስጣዊ ሰዓት አለው፤ ዋና መቀመጫውም በአንጎል ውስጥ የሚገኝ እጅግ ታናሽ የሕዋሳት ስብስብ ሲሆን፣ በዓይን በኩል ከሚገባው ብርሃን ጋር እየተስማማ ለእንቅልፍ፣ ለደም ግፊት፣ ለምግብ መፈጨትና ለሰውነት ሙቀት ጊዜ ጊዜያቸውን ይመድብላቸዋል። ይህ ሰዓት በሕዋሳት ውስጥ እንዴት ባለ ጥበብ እንደሚሠራ የመረመሩት ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት፣ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በዚሁ ሥርዓት መሠረት የሰውነት ሙቀት ከንጋት በፊት፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት አካባቢ፣ ዝቅ ካለ በኋላ ቀስ በቀስ ወጥቶ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍ ይላል። ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ የማይበልጥ ቢሆንም፣ የሞቀ ጡንቻ ይበልጥ ስለሚታዘዝና ነርቭም መልእክቱን ፈጥኖ ስለሚያደርስ፣ ኃይልም ሆነ ፍጥነት በዚያው ጊዜ ያይላል።

የቀኑን ክፍሎች ለይቶ ለመጥራት ደግሞ የቤተ ክርስቲያንን አከፋፈል እንዋስ፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቀኑን በሰባት የጸሎት ጊዜያት ከፍላ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ትላቸዋለች፤ ይህም እያንዳንዱ ሰዓት የራሱ የተገባ ተግባር እንዳለው የሚያስተምር ሥርዓት ነው። ከነዚህም መካከል ሠርክ (ማምሻው)፣ ነግህ (ማለዳው) እና ቀትር (እኩለ ቀኑ) ለሠራተኛ ሰው እንቅስቃሴ ሊመቹ የሚችሉ ስለ ሆኑ፣ በየተራ እንመዝናቸው።

የሥጋ ኃይል የሚበረታው በሠርክ ነው። ክብደት የሚያነሣ፣ ኳስ የሚጫወት፣ ወይም በፍጥነት የሚሮጥ ሰው በአሥራ አንድ ሰዓት የሚያሳየው ብርታት አብዛኛውን ጊዜ በማለዳ ከሚያሳየው ይበልጣል፤ መገጣጠሚያዎቹም ቀኑን ሙሉ ሲፍታቱ ስለ ዋሉ እንደ ማለዳው አይገትሩም። ሐሩር በሚበረታበት አገር ደግሞ ሠርክ ከፀሐይ መጠለያ ይሆናል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲሱ ዓመታችን ዋዜማ፣ በሮም ኦሊምፒክ የተደረገው የማራቶን ውድድር የቀኑን ሙቀት ለመሸሽ ሲባል የተጀመረው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነበር፤ የክቡር ዘበኛው ወታደር አበበ ቢቂላ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ በባዶ እግሩ ሮጦ ከቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ዘንድ ሲደርስም ጨለማው ወርዶ፣ መንገዱን የሚያበሩት ችቦ የያዙ ወታደሮች ነበሩ።

ሆኖም ሠርክ ለሠራተኛ ሰው ባላጋራ የበዛበት ጊዜ ነው። ያላለቀ ሥራ የሚያመሸው፣ አለቃ ለስብሰባ የሚጠራው፣ ለቅሶ የሚደረሰው፣ የታመመ የሚጠየቀው፣ የዕድሩና የዕቁቡ ጉዳይ የሚታየው ሁሉ በዚሁ ሰዓት ስለ ሆነ፣ ሰኞ የታሰበው እንቅስቃሴ ማክሰኞ፣ የማክሰኞውም ረቡዕ እየተባለ ሳምንቱ ያልቃል። ማታ የሚሠራ ሰው እንቅልፉን ያጣል የሚለው ስጋት ግን ብዙ መሠረት የለውም፤ መጠንቀቅ የሚገባው ከመኝታ በፊት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሚደረገው ብርቱ እንቅስቃሴ ነው እንጂ፣ ቀደም ብሎ የሚደረገው እንቅልፍን አይነሣም።

ነግህ ከሠርክ በኃይል ቢያንስም በነጻነት ይበልጣል፤ በዚያ ሰዓት አለቃ አይጠራም፣ ደንበኛ አይመጣም፣ ቤተ ሰብም ገና አልተነሣም። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው በአሥራ ሁለትና በአንድ ሰዓት መካከል ነው፤ በስቶክሆልም የሚኖር ወገናችን በታኅሣሥ ወር ፀሐይን ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ሲጠብቅ፣ እዚህ ያለው ሰው ግን በክረምትም በበጋም ከሥራ በፊት ብርሃን አያጣም። በመስቀል አደባባይ ደረጃዎችና በጃንሜዳ ሜዳ ላይ በማለዳ የሚታየው የሯጮች ብዛት ይህን ጸጋ ያወቁበት ሰዎች ምስክርነት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝና አየሩም ከባሕር ዳርቻው ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ፣ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በዝግታ ቢጀምር ይበጀዋል።

ነግህም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ሥጋ ገና ስላልሞቀ፣ ከሩጫው በፊት አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ በእርምጃና በማፍታታት ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ የልብ ድካም አደጋ በጠዋት ሰዓቶች ከሌላው ጊዜ ይልቅ እንደሚበዛ ስለ ታወቀ፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሩ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። በጨለማ ብቻን ከመውጣት፣ በተለይ ለሴቶች፣ እስኪነጋ መቆየት ወይም ባልንጀራ መያዝ ይሻላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንቅልፍን ሸጦ ስፖርትን መግዛት ትርፍ የለውም፤ ለጎልማሳ ሰው ከሰባት ሰዓት ያላነሰ እንቅልፍ የተገባ ስለ ሆነ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት ሊነሣ የሚሻ በአራት ሰዓት መተኛት አለበት።

ቀትር ለብርቱ እንቅስቃሴ የሚመረጥ ጊዜ አይደለም። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚሠሩበት አገር፣ ከሰኔ ሁለተኛ ሳምንት እስከ መስከረም መጀመሪያ ከቀትር በኋላ ባሉት ሰዓቶች የውጭ የጉልበት ሥራ በሕግ የተከለከለው የሐሩሩ ጉዳት ስለ ታወቀ ነው። በደጋው አገራችን ግን ከምሳ በኋላ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ በእግር መንሸራሸር ከምግብ የሚመጣውን የደም ስኳር ስለሚያበርድ፣ ቀትርን ለእርምጃ መስጠት ብልኅነት ነው። በቆየው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደንብ ዓርብ ቀን ለጁምዓ ጸሎት እንዲመች የምሳው ዕረፍት ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ስለሚረዝም፣ ወደ ጸሎት የማይሄደው ሠራተኛ ይህን ጊዜ ረዘም ላለ እርምጃ ሊያውለው ይችላል።

የጾም ወራት ሲመጡ ሰዓቱ መለወጥ ይኖርበታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይቀምስ ጾመኛ በማለዳ ቀላል እርምጃ ቢያደርግ፣ ብርቱውን እንቅስቃሴ ግን ከበላና ከጠጣ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ቢያደርገው ይሻለዋል፤ በረመዳን የሚጾመውም ከኢፍጣር በኋላ ምግቡ ጥቂት ሲረጋለት ይንቀሳቀስ። የስኳር በሽታ ያለበትና ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን የጾሙንም የእንቅስቃሴውንም ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ሳይመክር አይወስን።

ሌሊት የምትሠራ ነርስ፣ ጥበቃ የሚያድር ዘበኛ፣ ወይም ሌሊት የሚጋግር ዳቦ ጋጋሪ እስካሁን ከተባለው ብዙውን እንዳለ ሊወስደው አይችልም፤ ለእነዚህ ሰዎች ነግህ ማለት ከእንቅልፋቸው የሚነሡበት ሰዓት ነውና፣ የግድግዳውን ሰዓት ትተው ከእንቅልፋቸው ይቁጠሩ። ሌሊቱን ነቅቶ ካደረ በኋላ በድካም ላይ ድካም ከመጨመር ይልቅ፣ ተኝቶ ተነሥቶ ወደ ሥራ ከመሄድ በፊት ያለውን ጊዜ መጠቀም የተሻለ ነው።

የመጠኑን ነገር ስንመለከት፣ የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለጎልማሳ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ብርቱ እንቅስቃሴ፣ ከዚህም ጋር ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ አዝዟል፤ ጥቂት ደቂቃም ብትሆን ከሒሳቡ እንደምትገባ ገልጿል። ሥራው ራሱ እንቅስቃሴ ሊሆን እንደሚችልም ብሪታኒያዊው ሐኪም ጄሪ ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1953 አሳይቷል፤ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉት ቲኬት ቆራጮች፣ ተቀምጠው ከሚነዱት ሹፌሮች ይልቅ የልብ በሽታ ያነሰባቸው ሆነው አግኝቷቸዋልና። ስለዚህ አንድ ፌርማታ አስቀድሞ ከታክሲ መውረድ፣ ሊፍቱን ትቶ በደረጃ መውጣት፣ ከወንበር በየጊዜው መነሣት እንደ ከንቱ ነገር ሊናቅ አይገባም።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው፤ ለሯጭና ለክብደት አንሺ ሠርክ ይበልጣል፣ ለሠራተኛ ሰው ግን ብርታቱ ከፍ ካለበት ሰዓት ይልቅ ሥራው ሊነጥቀው የማይችለው ሰዓት ይሻላል፤ በአገራችንም ለአብዛኛው ሰው ያ ሰዓት ነግህ ነው። ሥጋ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት የሚሠለጥን ከሆነ ለዚያው ሰዓት ስለሚዘጋጅ፣ የማለዳው ድካም በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። አንባቢ ሆይ፣ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት መርምረህ ማንም ያልጠራህንና ምንም ያላስቀረህን ሰዓት ለይ፤ በዚያም ሰዓት በሃያ ደቂቃ እርምጃ ጀምር፤ «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነውና መጠኑን በየሳምንቱ ጨምር። መሥሪያ ቤት የምታስተዳድሩ አለቆች ሆይ፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ስብሰባ አትጥሩ፤ የሠራተኛችሁ ጤና የመሥሪያ ቤታችሁ ሀብት ነው።