አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያገኙት ማኅበራዊ ድጋፍ፤ ትምህርት ከማቋረጥ በፊት ሊታወቅ የሚገባው

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመደቡ በርካታ ተማሪዎች ከቤተሰባቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለዩት ወደ ግቢ ሲገቡ ነው። ምደባው በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚከናወን በመሆኑ የጅማው ተማሪ ባሕር ዳር፣ የደሴዋ ተማሪ አርባ ምንጭ ሊደርሳቸው ይችላል። የአካባቢው ቋንቋና አየር፣ የካፌው ምግብ፣ ከማይተዋወቁ ልጆች ጋር የሚጋሩት የመኝታ ክፍል፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ ይገጥሟቸዋል። በዚህ ወቅት የሚሰማ ናፍቆትና ብቸኝነት የተለመደ ነው፤ የድክመት ምልክት ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። አሳሳቢ የሚሆነው ተማሪው ስሜቱን ደብቆ ከክፍል መቅረት፣ ምግብ መተውና ከዶርም አለመውጣት ሲጀምር ነው።

የአገር ልጅ መፈለግ ነውር የለበትም፤ የምዝገባውንና የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ውጣ ውረድ ያቀልላል። ይሁንና ግንኙነቱ በዚያ ብቻ ሲወሰን ተማሪው ከዶርም ጓደኞቹና ከሴክሽኑ ልጆች ጋር ሳይተዋወቅ ሴሚስተሩ ያልቃል። እንደ ቀይ መስቀል፣ በጎ አድራጎትና ሥነ ጽሑፍ ያሉ ክበባት ከዚህ አንጻር ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ይጠቅማሉ፤ ከሌላ አካባቢ ከመጣ ተማሪ ጋር አብሮ ለመሥራት ምክንያት ይሰጣሉና። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ «የቃል ኪዳን ቤተሰብ» በሚል የጀመረው አሠራር ደግሞ አዲስ ተማሪን ከከተማው ነዋሪ ጋር በቤተሰብነት ያስተሳስራል። በዓል ሲደርስ የሚጠራው ቤት ያለው ተማሪና በባዶ ዶርም የሚውለው ተማሪ አንድ አይደሉም።

ችግሩ ከጓደኛ ምክር በላይ ሲሆን የሚኬድበት ቦታ የተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት ነው። ተማሪውን እንደ ጉዳዩ ሁኔታ ወደ ምክር አገልግሎት፣ ወደ ግቢው ክሊኒክ ወይም ለሴት ተማሪዎች ወደ ሥርዓተ ፆታ ክፍል ይመራል። የምክር ባለሙያ የተነገረውን በምስጢር የመያዝ የሙያ ግዴታ አለበት። ጽሕፈት ቤቱን የማያውቅ ተማሪ የሕንፃውን ፕሮክተር ቢጠይቅ ይጠቁመዋል።

ወላጆችም በስልክ ስለ ውጤት ብቻ ባይጠይቁ ይመረጣል። «ዛሬ ምሳ ከማን ጋር በላህ?» የሚለው ጥያቄ ስለ ልጁ ሁኔታ የበለጠ ይናገራል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ትምህርቱን ለጊዜው ማቋረጥ ግድ ከሆነ፣ ሳያሳውቁ ግቢውን ለቅቆ መሄድ ትልቁ ስህተት ነው። በደንቡ መሠረት ያላቋረጠ ተማሪ ወደ ትምህርቱ የመመለስ መብቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ ከትምህርት ክፍሉ ጋር ተነጋግሮ የማቋረጫ ቅጹን ከሬጅስትራር ወስዶ መሙላት፣ በእጁ ያለውን የዩኒቨርሲቲውን ንብረት መልሶ ክሊራንስ ማስፈረም፣ ምክንያቱ ሕመም ከሆነም የሕክምና ማስረጃ ማያያዝ ይኖርበታል። የቅጹን አንድ ቅጂ በእጁ ማስቀረትና የመልሶ ቅበላ ማመልከቻ የሚቀርብበትን ጊዜ ከመሄዱ በፊት ከሬጅስትራር መጠየቅ አለበት።