ከካርቱም እስከ ገርዓልታ፦ በተዘጋ ድንበር ላይ የታቀደ ጉዞ

ካርቱም ሜዳ ላይ ያረፈች ከተማ ናት። ነጭና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት በሞግረን ዳር ቆሞ ዙሪያውን የሚቃኝ ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት ተራራ አያገኝም፤ ውሃ፣ ድልድይ፣ ሚናራና አቧራ ነው። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ አራት መቶ ሜትር እንኳ አይሞላም። ደጋ ተወልዶ ለሥራ ካርቱም የከረመ ሐበሻ ዴም ሰፈር ቡና ይዞ ሲቀመጥ አገሩን የሚያነሣው ብዙ ጊዜ በዚሁ በኩል ነው፤ በብርዱ፣ በዳገቱ፣ በአምባው።

ዓለት መውጣት ለሚወድ የካርቱም ነዋሪ ቅርብ የሚባለው ድንጋይ በስተሰሜን፣ ዓባይ ጠቦ በሚያልፍበት በሰበሎቃ ሸለቆ ያለው ነው። ከእሱ የሚበልጠውን የሚሻ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ ከሰላ ይገባል። ከከሰላ ከተማ ጀርባ የቆሙት የታካ ተራሮች ግራናይት ናቸው፤ ራሳቸው እንደ ጉልላት የለሰለሰ፣ ጎናቸው ቀጥ ያለ፣ ለጣት መያዣ የሚሆን ስንጥቅ የሚነፍጉ። ከሥራቸው ኸትሚያ የሚባለው የሱፊ ጠሪቃ መሪዎች ዘመድ የሆነው የሲዲ ሐሰን አል ሚርጋኒ መቃብርና መስጊድ አለ። ቶቲል ምንጭ አጠገብ ቡና ይፈላል፤ የሚፈላበትም ዕቃ ስሙ እዚያም ጀበና ነው። ከቶቲል የጠጣ ሰው ወደ ከሰላ ሳይመለስ አይቀርም ይባላል። በ1938 እ.ኤ.አ. በካራኮረም ማሸርብሩም ላይ ውርጭ ጣቶቹን የቆረጠው እንግሊዛዊው መምህር ሮቢን ሆጅኪን ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሱዳን የትምህርት ሥራ ላይ ኖሯል፤ ታካን በገመድ ከሞከሩት ቀደምት ሰዎችም አንዱ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ግን ልብን የሚስበው ነው፤ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ መውጣት። በእኛ አገር ገደል መውጣት ስፖርት ከመባሉ እጅግ ቀደም ብሎ የእምነት ሥራ ነበር። ደብረ ዳሞ ገዳም ዛሬም የሚወጣው አሥራ አምስት ሜትር ያህል በጠፍር ተንጠልጥሎ ነው፤ ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ በዘንዶ ተጎትተው ወጡበት የሚባለው ያው ገደል ነው። ሴት ግን ወደ ገዳሙ አትወጣም። በትግራይ፣ ገርዓልታ ውስጥ ያለው የአቡነ የማታ ጎህ ቤተ ክርስቲያን ተሳላሚ ጫማውን አውልቆ፣ ድንጋዩ ላይ በተቦረቦሩት የእጅና የእግር ማስገቢያዎች እየተመራ ይደርስበታል። ቄሶቹ በየእሑዱ፣ እናቶች ሕፃን አዝለው ለክርስትና የሚወጡበት ገደል ነው። ገመድና የብረት ቀለበት ይዘው የመጡት የውጭ ሰዎች እጅግ ዘግይተው ነው የደረሱት። ከእነሱም መካከል አሜሪካዊቷ ማይካ በርካርት በ2007 እ.ኤ.አ. ከሴት ባልንጀሮቿ ጋር በትግራይ የአሸዋ ድንጋይ ግንቦች ላይ ወጥታ፣ በተከታዩ ዓመት «ቨርቲካል ኢትዮጵያ» የሚል መጽሐፍ አሳትማለች። ከዚያ ወዲህ የገርዓልታዋ ከተማ ሐውዜን በዓለም ዓለት ወጪዎች ዘንድ ስሟ ይጠራል።

አሁን በ2012 ዓ.ም. መባቻ ካርቱም ተቀምጦ ጉዞ የሚያቅድ አንድ ሰው እንውሰድ። ለፋሲካ አገር ቤት ገብቶ፣ በዓሉን ከቤተሰቡ ጋር ውሎ፣ ከዚያ ገርዓልታ ሊወጣ አስቧል። ወቅቱን አላጠፋም። የአሸዋ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ይደክማል፤ ዝናብ በዘነበ ማግስት የተያዘ ጠርዝ ተቆርሶ እጅ ላይ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ መጨረስ ግድ ነው። መንገዱም ሁለት ነው። ወይ ከካርቱም አዲስ አበባ ሁለት ሰዓት ገደማ በርሮ ወደ መቀሌ ማለፍ፣ ወይ በአውቶቡስ ወድ መደኒን፣ ገዳሪፍን፣ ገላባትን አልፎ መተማ ላይ መሻገርና በጎንደር በኩል ወደ ሰሜን መውጣት። የአየሩ መንገድ ውድ ነው፤ የየብሱ ደግሞ የለመደ ሰው መንገድ ነው። ሰሊጥ ለማጨድ የሚሻገረው የቀን ሠራተኛ፣ በቤት ሠራተኝነት ለመቀጠር የምትሄደው ወጣት፣ ሸቀጥ የሚያመላልሰው ነጋዴ ሁሉ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው።

መጋቢት ገባ። መጋቢት 4 ቀን ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮሮና ሕመምተኛ አስታወቀች፤ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነበር። በዚያው ሰሞን ካርቱም ውስጥ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የተመለሰ ሰው ሞቶ ሱዳንም በሽታው እንደ ገባባት ተናገረች። መጋቢት 7 የሱዳን መንግሥት የጤና አስቸኳይ ጊዜ ዐውጆ አየር ማረፊያዎችን፣ ወደቦችንና የየብስ መሻገሪያዎችን ዘጋ። መጋቢት 11 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ 30 አገሮች የሚያደርገውን በረራ አቋረጠ። መጋቢት 14 ኢትዮጵያ የየብስ ድንበሮቿን ዘጋች፤ በአውሮፕላን የሚገባ ሰውም ሁሉ በራሱ ወጪ በተመረጡ ሆቴሎች 14 ቀን ተለይቶ እንዲቆይ ተወሰነ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ።

ዐቃጃችን የሁለት ሳምንት ፈቃድ ነው ያለው። አሥራ አራቱ ቀን በአንድ የሆቴል ክፍል ውስጥ ያልቃል። ጉዞው በዚያ ውሳኔ ሞተ ማለት ነው።

የካርቱም ፍጹም እገዳ የተጀመረው ሚያዝያ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። በእኛ አቆጣጠር ቀዳም ሥዑር ነበር፤ ማግስቱ ፋሲካ። ካርቱምን ከኦምዱርማንና ከባህሪ የሚያገናኙት ድልድዮች ለመንገደኛ ተዘጉ። ሦስቱ ከተሞች በድልድይ የተሰፉ ናቸው፤ ድልድዩ ሲዘጋ ባህሪ ያለችው እኅት ዴም ካለው ወንድሟ ጋር ዶሮ ወጥ መቅመስ አትችልም። እገዳው ለሦስት ሳምንት ተብሎ ተጀምሮ፣ እየተራዘመ ሄዶ የላላው ሐምሌ መባቻ ላይ ነው። በቀን ገቢ የምትኖረው ሻይ ሻጭ፣ አሠሪዋ ከቤት አትውጪ ወይም አትምጪ ያላት የቤት ሠራተኛ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ (ኢቃማው) ያለቀበት የእንጀራ ቤት አሳላፊ ለዚያን ያህል ጊዜ ያለ ሥራ ተቀመጡ። ብዙዎች አገር ቤት ለመግባት ወደ መተማ ጎረፉ፤ እዚያም ለይቶ ማቆያ ተከፍቶላቸው ቀን ሲቆጥሩ ሰነበቱ። ስለ ገደል ጉዞ በሚያወራ ጽሑፍ ውስጥ እነሱን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በአንዲት ሌሊት ውሳኔ የተዘጋው በር አንድ በር ነው፤ ለሽርሽር የሚሻገረውንም፣ ለነፍሱ የሚሻገረውንም በአንድ ላይ ነው የዘጋው። ልዩነቱ የመጀመሪያው ገንዘቡን ማጣቱ፣ ሁለተኛው ማደሪያውን ማጣቱ ነው።

በዚያ ወቅት በብዙ አገር የተራራ ማኅበራት አባሎቻቸውን ከቤት አትውጡ ሲሉ ተማጸኑ። ኔፓል የዚያን የጸደይ የኤቨረስት ፈቃድ በሙሉ ሰረዘች። ምክንያቱ ተራራ ላይ በሽታው ይበረታል ማለት አልነበረም፤ ክፍት አየር ላይ ከከተማ የተሻለ ይተነፈሳል። የተጎዳ ሰው ግን ሐኪም፣ አልጋና ተሸካሚ ይፈልጋል፤ ያኔ ደግሞ ሐኪሙም አልጋውም ለሌላ ተይዟል። ይህ ክርክር ለእኛ አካባቢ በእጥፍ ይሠራል። በአልፕስ ተራሮች ላይ እግሩ የተሰበረ ሰው ስልክ ደውሎ ሄሊኮፕተር ይጠብቃል። ገርዓልታ ላይ ወይም ከሰላ ላይ የወደቀ ሰው የሚጠብቀው የአገሬውን ትከሻ ነው። አራት ገበሬ ሥራውን ትቶ በቃሬዛ ያወርደዋል፤ በዚያ የመከራ ወቅት ደግሞ እነዚያ አራት ሰዎች ከየት እንደ መጣ ከማያውቁት እንግዳ ጋር ፊት ለፊት እየተነፈሱ ነው የሚሸከሙት። እኔ በበኩሌ ያን ዓመት ጉዞውን የሰረዘ ሰው ሁሉ ልክ ነበር ባይ ነኝ።

ከክረምቱ በኋላ በሩ ጠቦም ቢሆን ተከፈተ። ወደ ኢትዮጵያ በአየር የሚገባ መንገደኛ ከ120 ሰዓት ያልበለጠ የፒሲአር ምርመራ ወረቀት ይዞ እንዲመጣ ተፈቀደ። አምስት ቀን ብዙ ይመስል ነበር። ግን ቆጠራው የሚጀምረው ናሙናው ሲሰጥ ነበር። ውጤቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይወስድ ነበር፤ በረራው ቢሰረዝ ወይም ቢዘገይ ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ያረጅ ነበር፤ መመለሻውም የራሱን ምርመራ ይፈልግ ነበር። ሐውዜን ላይ ገመድ ጠቅልሎ የጨረሰ ሰው ወደ ካርቱም ለመመለስ በመጀመሪያ ናሙና የሚሰጥበት ከተማ ማግኘት፣ ከዚያ ውጤት መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ የሚያቅድ ሰው ከመሄጃው ይልቅ መመለሻውን አስቀድሞ መቁጠር ነበረበት፦ ተመርምሬ በሽታው ቢገኝብኝ የት እቀመጣለሁ፣ ማን ያስታምመኛል፣ ፈቃዴ ቢያልቅ አሠሪዬ ይጠብቀኛል ወይ፣ ካርቱም መልሳ ብትዘጋስ? ሜዳ ላይ የከረመ ሳንባም አለ። ከካርቱም ሙቀት ተነሥቶ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር ላይ፣ ወይም ስሜን ከሄደ ከአራት ሺህ በላይ የሚያስል ሰው ሳሉ ከከፍታው ይሁን ከበሽታው በምን ይለያል?

የጥቅምት ብርሃን ለገርዓልታ የተሠራ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ድንጋዩ ደርቋል፣ አደይ አበባው ገና አልጠወለገም። በ2013 ዓ.ም. ያን ጥቅምት ጠብቆ ያቀደ ሰው ግን ጥቅምት 24 ሌሊት በተነሣው ጦርነት ዕቅዱን ለሁለተኛ ጊዜ አጣ። የትግራይ ሰማይ ለበረራ ተዘጋ። መንገዱም ተገለበጠ፤ ሰው ከካርቱም ወደ ገርዓልታ መሄዱ ቀርቶ፣ ከትግራይ ተከዜን እየተሻገረ ወደ ሱዳን ሐምዳየት መውረድ ጀመረ። ቁጥሩ ከስድሳ ሺህ በላይ ደረሰ። ከገዳሪፍ ባሻገር ያለው ኡም ራኩባ፣ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዘመን የኢትዮጵያ ስደተኞች የሰፈሩበት ቦታ፣ ዳግመኛ ተከፈተ። በካርቱም ዴም ሰፈር ስለ አምባ የሚያወራው ሐበሻ አሁን ስለ ዘመድ ነበር የሚጠይቀው።

ከዚያ ወዲህ የመተማ መሻገሪያ በወረርሽኝ ብቻ አልተዘጋም። ሁለቱ አገሮች በሚወዛገቡበት በአል ፋሽጋ መሬት የተነሣው ፍጥጫ ባየለበት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሱዳን ዘጋችው። በሰኔ 2014 ዓ.ም. የሱዳን ወታደሮች መገደል ባስነሣው ቁጣ እንደ ገና ዘጋችው፤ ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ተከፈተ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ የገርዓልታ መንገድ ተስፋ ሲያገኝ፣ ግማሽ ዓመት ሳይሞላ ሚያዝያ 7 ካርቱም ራሷ ጦርነት ውስጥ ገባች። የመጀመሪያው ተኩስ ከነደደባቸው ቦታዎች አንዱ አየር ማረፊያው ነው። በዚያው ወር ተዋጊዎች የሱዳንን ብሔራዊ የኅብረተሰብ ጤና ላቦራቶሪ ይዘው ባለሙያዎቹን ማስወጣታቸውን የዓለም የጤና ድርጅት አስታወቀ፤ በወረርሽኙ ዘመን የኮሮና ናሙና ሲመረመርበት የነበረው ያው ላቦራቶሪ ነው። የመተማው መንገድም እንደ ገና ተገለበጠ፤ ሱዳናዊው፣ ኤርትራዊው፣ ለዓመታት ካርቱም የኖረው ኢትዮጵያዊ በእግርና በመኪና ወደ ላይ መጣ። በአማራ ክልል ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያ ጣቢያዎች ቆሙ።

ይህን ሁሉ አንድ ላይ ሳስቀምጠው የሚታየኝ ነገር አለ። የሁለቱ አገሮች ድንበር በሚዘጋበት ጊዜ ምክንያቱ ይለያይ እንጂ አዘጋጉ አንድ ነው፤ ሌሊት ይወሰናል፣ ጠዋት ይሰማል፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። የ2005ቱ ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ፣ ሱዳንም ኢትዮጵያም የገቡበት፣ አንቀጽ 43 ላይ መንግሥታት የመንገደኛን እንቅስቃሴ አጥብቀው ሲገድቡ ምክንያታቸውን በ48 ሰዓት ውስጥ ለዓለም የጤና ድርጅት እንዲያሳውቁ ያዛል። ጄኔቫ ያለው ጽሕፈት ቤት ይነገረዋል። ከገዳሪፍ ወደ ገላባት በሚሄድ አውቶቡስ የተሳፈረችው ልጅ ግን ቀድሞ የሚነግራት ሕግ የላትም።

በበሽታ ምክንያት ድንበር መዘጋት የለበትም የሚል ክርክር የለኝም። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር በሽታ አዲስ አበባን እንዴት እንዳረገፋት የሰማ፣ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሲያቃጥል ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ክርክር አያነሣም። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የኢትዮጵያና የሱዳን የውጭ ጉዳይና የጤና መሥሪያ ቤቶች ሰላም በወረደ ጊዜ ከሚነጋገሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ይህ ይሁን፦ መተማና ገላባት ሲዘጉ፣ መዘጋቱ ከመነገሩ በፊት መንገድ የጀመረ ሰው ወደ አገሩ እስኪገባ ቢያንስ ሦስት ቀን በሩ ይቆይለት፤ አንዱ አገር የሰጠውን የምርመራ ወረቀት ሌላው ይቀበል፤ ለይቶ ማቆያው በሁለቱም በኩል ይዘጋጅ። ካርቱም ሰላም ሆና ገመዱን ዳግመኛ የሚያነሣ ሰው ሲገኝ፣ ይህ ስምምነት ተጽፎ ይጠብቀው።