ላፕቶፕዎን ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት

ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ብዙዎቻችን ወደ ጥገና ቤት እንሮጣለን። እኔም በ2002 ዓ.ም. ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ባለሙያው “ይቺ ሪከቨሪ የምትባለው ዝም ብላ ቦታ ትይዛለች” ብሎ አጠፋት። ቦታ አገኘሁ ብዬ አመስግኜው ወጣሁ! ለካስ ያጠፋት ፋብሪካው ዊንዶውሱንና ድራይቨሮቹን ያስቀመጠባትን የሃርድ ዲስክ ክፍል ነበር።

ከወራት በኋላ ማሽኑ አልነሳም አለ። ሌላ ዊንዶውስ ሲጫንበት ድምፁም ዋይፋዩም ጠፋ። ከሁሉ የከነከነኝ ግን አብሮ የተደመሰሰው የመመረቂያ ጽሑፌ ነው።

ክፍሏ ብትኖር ኖሮ ሥራው ቀላል ነበር። በዚያን ጊዜዎቹ ላፕቶፖች ማሽኑ ሲነሳ ኤችፒ ላይ ኤፍ11ን፣ ኤሰር ላይ አልትንና ኤፍ10ን መጫን ይበቃል። ጽሑፌን ግን እሷም አታተርፍልኝም፤ ወደ ፋብሪካው ይዞታ መመለስ ማለት የራስን ፋይል ማጥፋት ነውና አስቀድሞ ወደ ውጭ መገልበጥ ግድ ነው። ሃርድ ዲስኩ ከሞተም ክፍሏ አብራ ትሞታለች። ማሽኑ ጤነኛ ሳለ ዲቪዲ ላይ ቅጂዋን አውጡ የሚባለው ለዚሁ ነው።

ዊንዶውስ 10 እና 11 ያላችሁ በሴቲንግስ ውስጥ ሪከቨሪ የሚለውን ፈልጉ። ፋይል ሳይነካ ወይም ሁሉን አጥፍቶ ሪሴት የማድረግ ምርጫ ይሰጣል። ለመጠባበቂያው ቢያንስ 16 ጊጋባይት ፍላሽ ያዘጋጁ። ቻርጀሩንም ሳይሰኩ አይጀምሩ፤ መሐል ላይ ባትሪ ካለቀ ዊንዶውሱ ላይነሳ ይችላል።