ስለ አሮጌ የሒሳብ ኮምፒዩተሮችና በሃርድ ዲስክ ምትክ ስለምትገባው የኮምፓክት ፍላሽ ካርድ

በ19ኛው ምዕተ ዓመት የአሞሌ ጨው በይፋግ ገበያ እንደ ገንዘብ ያገለግል በነበረበት ጊዜ፥ ነጋዴ ሁሉ አሞሌውን ከዝናብና ከስብራት ለመጠበቅ ይጨነቅ ነበር። የረጠበ ወይም የተሸረፈ አሞሌ ዋጋው ይቀንሳልና ነው። ዛሬ ከይፋግ እስከ ወረታ የሚነግድ ሰው ሀብቱ በመጋዘን ያለው ሩዝ ብቻ አይደለም፤ ማን ስንት ኩንታል በዱቤ እንደ ወሰደ፥ ለማን ምን ያህል እንደሚከፈል የሚያስረዳው መዝገብም ሀብቱ ነው። ይህ መዝገብ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ የሚገኝ እንደ ሆነ፥ ከጥፋት የሚድንበትን መንገድ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

አሮጌ ኮምፒዩተር በንግድ ቤት የሚቆየው ለአዲሱ መግዣ ገንዘብ በመታጣቱ ብቻ አይደለም። በአገራችን ብዙ የንግድ ቤቶች ሒሳባቸውን የያዙት ፒችትሪ በተባለው ፕሮግራም ሲሆን፥ የቀድሞው ዘመን ቅጂ የሚሠራው በቀድሞው ዘመን ዊንዶውስ ላይ ነው። የአማርኛ ደብዳቤዎችም እንዲሁ ናቸው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት እንደ ፓወር ግዕዝና እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው በራሳቸው አቀማመጥ ይጽፉ ነበር። በዚያ አኳኋን የተጻፈ ውል የራሱ ፊደል በሌለበት አዲስ ኮምፒዩተር ቢከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አሮጌውን መሣሪያ መጣል መዝገቡን ቆልፎ ቁልፉን እንደ መጣል ይቆጠራል።

በነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ ፈጥኖ የሚደክመው ሃርድ ዲስኩ ነው። ዲስኩ በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የሚያነበውና የሚጽፈው ጫፍ ከላዩ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ይንሳፈፋል። መብራት በድንገት በጠፋ ቁጥር የሚጻፈው ሒሳብ ሊቋረጥና ሊበላሽ ይችላል። የሩዝ መፈልፈያ ባለበት ሰፈር የሚነሣው ብናኝ የኮምፒዩተሩን ማራገቢያ ሲያፍነው ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሙቀቱም የዲስኩን ዕድሜ ያሳጥራል። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ጊዜው አጭር መሆኑን ማወቅ ነው። በምትኩ ያገለገለ ዲስክ ገዝቶ መክተት ደካማውን በደካማ መተካት ይሆናል።

እዚህ ላይ የኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ትጠቅማለች። ይህች ካርድ ሳንዲስክ በተባለው ኩባንያ በ1994 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበች፥ በፎቶግራፍ አንሺዎች ዘንድ የታወቀች ናት። በውስጧ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለ መንቀጥቀጥ ብዙም አይጎዳትም። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሟ አይዲኢ የሚባሉት የድሮ ዲስኮች የሚሠሩበትን ቋንቋ ራሷ መናገሯ ነው። ስለ ሆነም ካርዷን ከኮምፒዩተሩ ጋር የሚያገናኘው አዳፕተር ከሽቦ መስመር እምብዛም የማያልፍ ቀላል ዕቃ ነው፤ ኮምፒዩተሩም ካርዷን እንደ ሃርድ ዲስክ ይቆጥራታል። ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር ባለ 40 እግር፥ ለላፕቶፕ ባለ 44 እግር አዳፕተር ያስፈልጋል። ባለ 40ው ኤሌክትሪክ በሌላ ሽቦ የሚቀበል ሲሆን፥ ባለ 44ቱ ግን በዚያው መስመር ያገኛል።

ሥራው በሚከተለው ተራ ይፈጸማል። በመጀመሪያ አሮጌው ዲስክ ገና ሲነበብ ሳለ ወጥቶ፥ በዩኤስቢ ማገናኛ ወደ አዲስ ኮምፒዩተር ተያይዞ፥ ሙሉ ቅጂው በፋይል ይወሰዳል። ሁለተኛ፥ ይህ ቅጂ በካርድ ማንበቢያ አማካይነት በካርዷ ላይ ይጻፋል፤ ካርዷም ከአሮጌው ዲስክ ያላነሰች መሆን አለባት። ሦስተኛ፥ ካርዷ በአዳፕተሩ ገብታ ኮምፒዩተሩ ይነሣል፤ የአንድ ደንበኛ ሒሳብም ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል። አሮጌው ዲስክ ግን ይህ ሁሉ ከተረጋገጠ በኋላም አይጣልም።

የካርዷን መጠን በሚመርጡበት ጊዜ ትልቁ ሁሉ የተሻለ አይደለም። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በፊት የተሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች ከ504 ሜጋባይት በላይ ለይተው አያውቁም፤ ከዚያ በኋላ የመጡትም ብዙዎቹ በ8 ጊጋባይት ገደማ ይወሰናሉ። ኤምኤስ ዶስ ደግሞ በአንድ ክፍል ከ2 ጊጋባይት በላይ አይዝም። እንዲሁም አንዳንድ ካርዶች ራሳቸውን «ተነቃይ» ብለው ስለሚያስታውቁ ዊንዶውስ ኤክስፒ በእነርሱ ላይ እንደ ልብ አይሠራም፤ ለፋብሪካ መሣሪያ የሚሠሩት ካርዶች አብዛኛውን ጊዜ «ቋሚ» ሆነው ስለሚታዩ ይመረጣሉ።

አስመጪዎችም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ካሜራዎች ወደ ሌሎች ካርዶች ስለ ዞሩ የኮምፓክት ፍላሽ ገበያ ጠብቧል፤ በላዩ የተጻፈው መጠንና በውስጡ ያለው የማይመሳሰል አስመስሎ የተሠራ ዕቃም አይጠፋም። ስለዚህ እያንዳንዱ ካርድ እስከ ተጻፈበት መጠን ተሞልቶ ሳይፈተሽ ለደንበኛ ባይሸጥ መልካም ነው። ሰፊና ጠፍጣፋ የዲስክ ገመድ በሌላቸውና ሳታ በሚባለው ቀጭን ገመድ በሚሠሩት ኮምፒዩተሮች ይህ ካርድ አያስፈልግም፤ ለነዚያ ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ ይበቃል።

በመጨረሻም ካርዷ መድኃኒት እንጂ ዋስትና አይደለችም። በላይዋ የሚጻፍበት ጊዜ ብዛት ወሰን አለው፤ መብራት በድንገት ሲጠፋም በመጻፍ ላይ ያለው ሒሳብ እንደ ቀድሞው ሊበላሽ ይችላል። ኮምፒዩተሩ ሳይጠፋ ካርዷን መንቀልም መዝገቡን ያበላሻል። ሆኖም ካርዷ ትንሽ በመሆኗ ሁለተኛ ካርድ ገዝቶ፥ በየወሩ ቅጂ አድርጎ ከሱቁ ውጭ ማስቀመጥ ቀላል ነው። የግብር መሥሪያ ቤት ያለፉትን ዓመታት ሒሳብ በጠየቀ ጊዜ፥ ወይም ባለ ዕዳ «አልወሰድሁም» ባለ ጊዜ፥ ነጋዴውን የሚረዳው ከዲስኩ መቆም በፊት የተወሰደው ቅጂ ነው።