«ሯጭ ነህ?» ለሚሉ መልሱ ከፖቶማክ ዳር ነው

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ የሚነዳ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚያውቃት ጥያቄ አለች። ተሳፋሪው ከኋላ ወንበር ተመቻችቶ ከተቀመጠ በኋላ «ከየት ነህ?» ይላል። «ከኢትዮጵያ» የሚል መልስ ሲያገኝ ፊቱ ይፈካና «ታዲያ አንተም ሯጭ ነህ?» ሲል ያስከትላል። ሾፌሩ ይስቃል። አሥራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከወንበሩ ያልተነሳ፣ ቦርጩ ከመሪው ጋር የተፋጠጠ ሰው ምን ብሎ ይመልስ? መኪናዋ በዚያች ቅጽበት በጆርጅታውን ኪይ ድልድይ ላይ እያለፈች ይሆናል። ከድልድዩ ሥር ደግሞ የከተማው ሰው ጠዋትና ማታ የሚሮጥበት መንገድ ተዘርግቷል።

ጥያቄው ቀልድ ይምሰል እንጂ ውስጡ ቁም ነገር አለበት። አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ ወርቅ ካመጣ ወዲህ የኢትዮጵያ ስም ከሩጫ ተለይቶ አያውቅም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በስደት ያለው ወገን ግን ቀኑን በታክሲ፣ በፓርኪንግ ዳስና በካሸር ወንበር ላይ ደብል እየሠራ ይውላል። እግሩ የሚንቀሳቀሰው ከመኪና እስከ ቤት በር ነው። ስኳርና ደም ብዛት የሽማግሌ በሽታ ብቻ አለመሆናቸውን በየቤቱ ያለው የመድኃኒት ጠርሙስ ይመሰክራል። «ጊዜ የለም፣ ለጂም የሚከፈል ገንዘብም የለም» የሚለው ምክንያት እውነት ነው። የፖቶማክ ሸለቆ ግን አባልነት አይጠይቅም።

ስደተኞች የቆፈሩት ቦይ

በሜሪላንድ በኩል ከወንዙ ጎን ለጎን የሚሄደው መንገድ የበቅሎ መንገድ ነው። አዎን፣ የበቅሎ! ጁላይ 4 ቀን 1828 ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ የቼሳፒክና ኦሃዮን ቦይ ቁፋሮ ለማስጀመር አካፋ ያዙ። አካፋው የዛፍ ሥር እየመታ እምቢ ቢላቸው ኮታቸውን አውልቀው አፈሩን እስኪያወጡ ድረስ ታገሉ፤ የተሰበሰበውም ሕዝብ በጭብጨባ አጀባቸው። ሐሳቡ ጀልባዎች ከወንዙ ፏፏቴና ዓለት ተገልለው፣ በቦዩ ውስጥ በበቅሎ እየተጎተቱ እስከ ኦሃዮ ወንዝ እንዲደርሱ ነበር። ዛሬ ሯጩ የሚረግጠው የእነዚያን በቅሎዎች ዱካ ነው።

ዶማና አካፋ ይዘው የቆፈሩት አብዛኞቹ ከአየርላንድ የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ከጀርመንና ከእንግሊዝ የመጡም፣ በባርነት የተያዙ ጥቁሮችም አብረዋቸው ለፍተዋል። በ1832 ኮሌራ ገብቶ ብዙዎቹን በየካምፑ ፈጃቸው። ይህ አልበቃ ብሎ አየርላንዳውያኑ በመጡበት ወረዳ ተከፋፍለው በ1834 እርስ በርስ ተጋደሉ፤ ጠቡን ለማብረድ ፕሬዚዳንት ጃክሰን ወታደር ላኩ። ከአንድ አገር ተሰዶ በመንደር መከፋፈል ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ እንግዳ ነገር ላይሆን ይችላል!

ቦዩ በ1850 ከጆርጅታውን 184 ማይል ተኩል (297 ኪሎ ሜትር) ርቆ ከምትገኘው ኩምበርላንድ ሲደርስ ቆመ። በዚያው በጁላይ 4፣ 1828 ሥራው የተጀመረው የባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ስምንት ዓመት ቀድሞት ኩምበርላንድ ገብቶ ነበር። ቢሆንም ጀልባዎቹ የድንጋይ ከሰልና ዱቄት ሲያመላልሱ ኖረው በ1924 ጎርፍ ሥራውን ዘጋው።

በ1950ዎቹ ቦዩንና ዳሩን የመኪና መንገድ ለማድረግ ታሰበ። ዋሽንግተን ፖስት በርዕሰ አንቀጹ ሐሳቡን ደገፈ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛው ዊልያም ዳግላስ ግን የጋዜጣውን ጸሐፊዎች «መጀመሪያ ኑና አብረን በእግር እንሂድ» አሏቸው። በማርች 1954 ከኩምበርላንድ ተነስተው በስምንት ቀን ዋሽንግተን ገቡ። መንገዱን ሳያቋርጡ በእግራቸው የጨረሱት ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ጋዜጣው ግን አቋሙን አለዘበ። በ1971 ሸለቆው በሕግ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። የመኪናውን መንገድ ያስቀረው እግር ነው ማለት ይቻላል።

ለጀማሪ፦ ከጆርጅታውን እስከ ፍሌቸርስ

የቦዩ ዜሮ ማይል ሮክ ክሪክ ከፖቶማክ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ከዚያ ተነስቶ በጆርጅታውን የጡብ ቤቶች መካከል ሲታለፍ፣ ጀልባዎችን እንደ ደረጃ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት፣ ሎክ የሚባሉት የድንጋይ የውሃ በሮች ይታያሉ። ኪይ ድልድይ ካለፈ በኋላ የከተማው ጫጫታ ይርቃል፤ በአንድ ወገን ቦዩ፣ በሌላ ወገን ወንዙ፣ መካከል ላይ ዛፍ ያጠላው የአፈር መንገድ። ዳገት የለውም፤ አፈሩም ከአስፋልት ይልቅ ለጉልበት ይራራል። በየማይሉ ምልክት ስላለ ምን ያህል እንደተሄደ ለማወቅ መጨነቅ አያስፈልግም። ሦስት ማይል ላይ ዓሣ አጥማጆች የሚሰበሰቡበት ፍሌቸርስ ኮቭ ይገኛል። ደርሶ መልስ ስድስት ማይል (10 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው።

ግሌን ኤኮ፦ የእንጨት ፈረሶቹ

በሰባተኛው ማይል አካባቢ፣ ከቦዩ ከፍ ብሎ ግሌን ኤኮ አለ። የአሜሪካን ቀይ መስቀል በ1881 ያቋቋመችው ክላራ ባርተን በ1912 ያረፈችው በዚህ ባለው ቤቷ ነው። ኢትዮጵያዊ ሯጭ ቆም ሊልበት የሚገባው ግን ከጎኑ ያለው የመጫወቻ ሥፍራ ነው።

ይህ ሥፍራ ለነጮች ብቻ ነበር። ጁን 30 ቀን 1960 የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች ቲኬት ይዘው ከሚሽከረከሩት የእንጨት ፈረሶች ላይ ተቀመጡ። «ውረዱ» ሲባሉ እምቢ አሉ። አምስቱ ታሰሩ። በጋውን ሙሉ ተማሪዎቹና ጎረቤት የሆኑ ነጭ ነዋሪዎች በበሩ ላይ በፀሐይ ተሰለፉ። በ1961 በሩ ለሁሉም ተከፈተ፤ በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የአምስቱን ጥፋተኝነት ሻረ። አበበ ሮም ላይ ያሸነፈው በዚያው በጋ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነበር። አንድ ጥቁር ሰው በሮም ጎዳና ዓለምን ሲቀድም፣ በዋሽንግተን ዳርቻ ጥቁር ሕፃን የእንጨት ፈረስ ላይ መቀመጥ አይችልም ነበር ማለት ነው። በ1921 የተሠሩት እነዚያ ፈረሶች ዛሬም አሉ፤ የኢትዮጵያውያን ልጆችም ይቀመጡባቸዋል።

ግሬት ፎልስ፦ ውሃ እያሳሳቀ

በ14ኛው ማይል ላይ ፖቶማክ ከአንድ ማይል ባነሰ ርቀት 76 ጫማ (23 ሜትር) ቁልቁል ይወርዳል። በመኪና ለሚሄድ መግቢያ ይከፈላል። ከድሮው የእንግዳ ማረፊያ ቤት ተነስቶ ቦዩን ተከትሎ ወደ ታች መሮጥ ከአንዱ ሎክ ወደ ሌላው ያደርሳል። በማዶ፣ በቨርጂኒያ ወገን፣ የጆርጅ ዋሽንግተን ኩባንያ ከ1785 ጀምሮ ያሠራው የቀድሞ ቦይ ፍርስራሽ አለ። ማስጠንቀቂያ፦ ውሃው ከላይ የተረጋጋ ቢመስልም ዋና ክልክል ነው፤ በዚህ ገደል ብዙ ሰው ጠፍቷል። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የተባለው እንዲህ ላለው ነው። ልጆችን ከዳር ማራቅ ያስፈልጋል።

በቨርጂኒያና በሲልቨር ስፕሪንግ ላሉ

ከጆርጅታውን ኪይ ድልድይን ተሻግሮ፣ ወንዙን ይዞ ወደ አርሊንግተን መታሰቢያ ድልድይ፣ ከዚያ ወደ ሊንከን ሐውልት ዞሮ መመለስ አራት ማይል ያህል ነው። በኖቬምበር 25፣ 1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ አስከሬን የተሻገረው በዚህ ድልድይ ነው። ከመቃብሩ ዳር ከቆሙት መሪዎች መካከል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ይገኙ ነበር።

የማውንት ቨርነን መንገድ ወደ ደቡብ 18 ማይል ይዘልቃል። አሌክሳንድሪያ ላይ ጆንስ ፖይንት በተባለው ሥፍራ በ1791 የተተከለው የዋና ከተማዋ የመጀመሪያ የወሰን ድንጋይ አለ፤ በዚያ የቅየሳ ሥራ ጥቁሩ የከዋክብት ተመራማሪ ቤንጃሚን ባኔከር ተካፍሏል። መጨረሻው የጆርጅ ዋሽንግተን ርስት ነው፤ እሳቸው በ1799 ሲሞቱ ከ300 በላይ ሰዎች በባርነት ይኖሩበት ነበር።

ለሲልቨር ስፕሪንግና ለ16ኛው መንገድ ነዋሪ የሚቀርበው በ1890 የተከለለው ሮክ ክሪክ ፓርክ ነው። የቢች ድራይቭ ላይኛው ክፍል ከ2020 ወዲህ ለመኪና ስለተዘጋ ሕፃን በጋሪ እየገፉም መሮጥ ይቻላል። ወደ ታች ሲወርድ በ1820ዎቹ የተሠራው የፒርስ የውሃ ወፍጮ ይገኛል።

ቀስ በቀስ

ለዓመታት ያልሮጠ ሰው በመጀመሪያው እሑድ ኃይሌን ልሁን ቢል ሰኞ ሥራ አይገባም። ስኳር፣ ደም ብዛት ወይም የልብ ሕመም ያለበት አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በየመካከሉ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፤ በየሳምንቱ ጥቂት መጨመር። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለ! ጥሩ ጫማና ውሃ መያዝ፣ ከጓደኛ ጋር መሄድ፣ ሳይመሽ መመለስ ይበቃል። ለሌሊት ሠራተኛ ከሥራ መልስ ያለው ጎህ ምርጥ ሰዓት ነው፤ መንገዱ ጭር ያለ፣ ወንዙም ጉም የለበሰ ነው።

ይህን መንገድ ስደተኛ ቆፈረው፣ ዳኛ በእግሩ አዳነው፣ ተማሪዎች በዳርቻው ታስረው በሩን አስከፈቱ። የቀረው ከመኪና መውረድ ነው። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር ያለው ተሳፋሪ «ሯጭ ነህ?» ሲል ሾፌሩ መሳቁን ትቶ፣ በመስኮት ወደ ቦዩ እያሳየ፣ «አዎን፤ እሑድ እሑድ እዚያ ታች» ሊለው ይችላል።