ከምድር የጠፋው የከብት «ደስታ» እና ያልጠፋው የፍየል «ደስታ መሰል»

በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላማ ቀበሌዎች በግና ፍየል ለችግር ቀን የሚደርሱ ሀብቶች ናቸው። ማዳበሪያ ለመግዛት፣ ልጅ ለማስተማር ወይም ለሕክምና ገንዘብ ሲያስፈልግ አስቀድሞ ወደ ገበያ የሚወጣው ከመንጋው ነው። ይህንን ሀብት በአጭር ጊዜ ውስጥ ሊጨርሱ ከሚችሉ በሽታዎች አንዱ «ደስታ መሰል» በመባል የሚታወቀው የበግና የፍየል በሽታ ነው። ስያሜውን ያገኘው ሳይንስ ከምድር ገጽ ካጠፋው የከብት ደስታ በሽታ ጋር ስለሚመሳሰል ነው።

«ክፉ ቀን»ን ያመጣው በሽታ

የከብት ደስታ በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር ወደ ኢትዮጵያ እንደገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገልጻሉ። በግምት ከአሥር ከብቶች ዘጠኙን እንደጨረሰ ይነገራል። የሚያርስ በሬ ጠፋ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት፤ እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ረኃብም «ክፉ ቀን» ተባለ።

ለበሽታው ሁነኛ መከላከያ የሆነው ክትባት በእንግሊዛዊው የእንስሳት ሐኪም ዋልተር ፕሎውራይት መሪነት በኬንያ ተሠራ። አንድ ጊዜ የተከተበ ከብት ዕድሜ ልኩን ከበሽታው ይጠበቃል። ችግሩ ክትባቱ ያለ ማቀዝቀዣ የሚበላሽ መሆኑ ነበር። ከጊዜ በኋላ ተመራማሪዎች ሙቀት የሚቋቋም ዓይነት አዘጋጁ። የይፋት ቆላ በምሥራቅ በሚዋሰነው የአፋር ክልል ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ የእንስሳት ጤና ሠራተኞች ይህንኑ ክትባት ይዘው በእግር ከመንጋ ወደ መንጋ ተዘዋወሩ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የደስታ ወረርሽኝ በ1988 ዓ.ም. በአፋር ታየ። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በሽታው ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

የሰውና የእንስሳት ዝምድና

የከብት ደስታ፣ የፍየል ደስታ መሰልና የሰው ኩፍኝ የሚመጡት ከአንድ ወገን ከሆኑ ቫይረሶች ነው። ተመራማሪዎች የኩፍኝ ቫይረስ ከጥንት ዘመን ከከብት ወደ ሰው እንደተሻገረ ያምናሉ። ደስታ መሰል ግን ሰውን አይይዝም።

ደስታ መሰልን መለየትና መከላከል

በሽታው በድንገተኛ ከፍተኛ ትኩሳት ይጀምራል። ከዓይንና ከአፍንጫ ፈሳሽ ይወርዳል፤ አፍ ውስጥ ቁስል ይወጣል፤ ሳልና ተቅማጥ ይከተላል፤ ያረገዙት ይጨነግፋሉ። ቀድሞ በማያውቀው መንጋ ውስጥ ከገባ አብዛኞቹን ሊገድል ይችላል። ቫይረሱን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ አንቲባዮቲክ የሚያግዘው ተደርበው የሚመጡ ሕመሞችን ለማስታገስ ብቻ ነው። ከሳንባ በሽታና ከሌሎችም ጋር ስለሚመሳሰል ማረጋገጫው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው።

ክትባቱ ግን አለ፤ ቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻም ይመረታል። አንድ ክትባት ቢያንስ ለሦስት ዓመታት ይከላከላል። ሆኖም በግና ፍየል ቶሎ ቶሎ ስለሚወልዱ የተከተበ መንጋ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ባልተከተቡ ግልገሎች ይሞላል። ስለዚህ አዳዲሶቹን በየዓመቱ ማስከተብ ያስፈልጋል። በሽታውን እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከዓለም ለማጥፋት የተያዘው ዕቅድም የተመሠረተው በዚሁ ክትባት ላይ ነው።

ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው እንስሳቱ ሲቀራረቡ በትንፋሽና በፈሳሽ ነው። በመሆኑም ከገበያ የተገዛን በግ ወይም ፍየል ቢያንስ ለሦስት ሳምንታት ከመንጋው ለይቶ ማቆየት ይመከራል። የታመመውን ወደ ገበያ፣ ወደ ጋራ ግጦሽና ወደ ውኃ መጠጫ አለመውሰድ፣ የሞተውን በጥልቀት መቅበርና ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ፈጥኖ ማሳወቅም ይገባል። የታመመ ፍየል ተደብቆ ቢሸጥ ጉዳቱ በገዢው ላይ ብቻ አይቀርም፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደ ሻጩ ሰፈር ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።